የቆለፍኩት ቧንቧና ያልሰማሁት ውሃ

ከዐረብ አገር በተመለስኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ የቤታችን ውሃ ያለ ጊዜው ማለቅ ጀመረ።

ከተማችን መካነ ሰላም ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሲከፋም በዐሥር ቀን አንዴ ይለቀቃል፤ ያን ዕለት ያለው በታንከር፣ የሌለው በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማል። እኛ ብረት ማማ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ታንከር ነበረን። ቤቱን ያሠራሁት ዐሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ የአገራችን ብርድም የዋዛ አይደለም፤ ስለዚህ ሽንት ቤቱን ከቤት ውስጥ አደረግሁላት። እሷ ግን መጀመሪያ ላይ አልገባም ብላ ነበር። ምግብ ከሚበላበት ጣሪያ ሥር እንዴት ይሆናል እያለች፣ ምርኩዟን ይዛ ጓሮ ወዳለው የጉድጓድ ሽንት ቤት ትወርዳለች። አንድ ክረምት ጭቃው አዳልጦ ከጣላት በኋላ ነው የለመደችው።

ግቢው ውስጥ ከቤታችን ጋር የተጣበቀች አንዲት ትርፍ ክፍል አለች። በዚያን ጊዜ ከደጎሎ የመጡ ባልና ሚስት ተከራይተዋት ነበር። እሱ አስተማሪ ነው። እሷ ገና ልጅ እግር ናት፤ ለገና ሰሞን ወንድ ልጅ ወለደች። ዘመዶቿ ሩቅ ስለነበሩ ያረሰቻት እናቴ ናት። ገንፎውን ያገነፋችውም፣ ሕፃኑን ያጠበችውም፣ አባትየው ትምህርት ቤት ሲውል አጠገቧ የምትቀመጠውም እናቴ ነበረች።

ታንከሩ አንዴ ከሞላ ለሁላችንም እስከሚቀጥለው ፈረቃ ይበቃን ነበር። በዚያ ጾም ግን በአራተኛው ቀን አለቀ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ በሦስተኛው። ማማው ላይ ወጥቼ ታንከሩን ዙሪያውን ዳሰስኩት፤ አልተሰነጠቀም። ቧንቧው የሚያልፍበትን መሬት በእግሬ እየረገጥኩ አየሁ፤ ደረቅ ነው። ከማማው ስወርድ ዓይኔ ልብስ መስጫው ላይ ዐረፈ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቶበታል። ያን ጊዜ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ።

ሄጄ ለልጅቷ ነገርኳት። አልጮህኩም፤ ቆጠብ ብታደርጊ ጥሩ ነው፣ ውሃው አላዳርስ ብሎናል አልኳት። ልጁን ጡት እያጠባች ነበር። ቀና ብላ፣

«እታለም፣ በቀን ከሁለት ጀሪካን በላይ ቀድቼ አላውቅም» አለችኝ።

«ታዲያ የት ይሄዳል?» አልኳት።

አቀርቅራ ልጁን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው። ማቀርቀሯን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

ውሃው እንደገና ሲያልቅ ገበያ ወርጄ ጓጉንቸር ገዛሁ። የግቢውን ቧንቧ እጀታ በሰንሰለት ጠምጥሜ ቆለፍኩት። ጧት ጧት እከፍትላታለሁ፤ ሁለቱን ጀሪካን ስትሞላ ቆሜ አይና እዘጋለሁ። እናቴ የመጀመሪያውን ቀን ደጃፍ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

«በአራስ ላይ ውሃ ይቆለፋል?» አለች።

«እማ፣ አራስነቷ እኮ አለፈ።»

«ላንቺ አልፎ ይሆናል» ብላኝ ገባች።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ውሃው እንዲያም ሆኖ ቀድሞ አለቀ፤ እኔ ግን ሁለቱ ጀሪካንም በዝቶ ነው አልኩ እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጋሪ ይዘው መጡና ዕቃቸውን ጫኑ። ባልየው የቤቱን ቁልፍ ያስረከበው ለእናቴ ነው፣ ለእኔ አይደለም። እሷም የእናቴን ጉልበት ስማ፣ ልጁን አዝላ፣ በአጠገቤ ስታልፍ «ደህና ሁኝ» አለችኝ። እኔም ቅር አላለኝም። እንዲያውም ገላገሉኝ ብያለሁ።

ቀጣዩ ፈረቃ መጥቶ ታንከሩ ሲሞላ ጓጉንቸሩን አወለቅሁት። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ድንች ላጥብ ቧንቧውን ብከፍተው አየር ተፋ።

እዚያው ቆምኩ። በግቢው ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እሷ ጥላው ሥር ተቀምጣ ለእራት የቀቀለችውን ቀይ ሥር ትልጣለች። የቧንቧውን ድምፅ ሰምታለች፤ አየችኝና ወደ ልጣጩ ተመለሰች። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቤት ገባሁ። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ከክፍል ክፍል ዞርኩ። ሳሎኑ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ግን የተለመደው ዓይነት አልነበረም። የሆነ ድምፅ ጎድሎታል። ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ሁልጊዜ ከሽንት ቤቱ በኩል የሚመጣ፣ ትኩስ ዳቦ ላይ እፍ እንደሚል ሰው ትንፋሽ ያለ፣ «ሽ» የሚል ስስ ድምፅ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደነበር አላውቅም። ሰምቼው ልብ ያላልኩት ድምፅ ነው፤ ሲጠፋ ነው የሰማሁት።

ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን የውሃ ሳጥን ክዳን አነሳሁ። ባዶ ነው። ከጧት ጀምሮ ማንም ውሃ አልለቀቀበትም፤ በደህና ጊዜ ቢሆን፣ ታንከሩ ቢደርቅ እንኳ፣ ሳጥኑ የያዘውን እንደያዘ ይቆይ ነበር።

ዐረብ አገር ሳለሁ የምሠራበት ቤት ቧንቧ ሊጠግኑ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ግብጻዊ ነበሩ። አንድ ቀን የቀዘቀዘ ሻይ አምጪ አሉኝና ሳጥኑ ውስጥ ጨመሩት። «አትንኪው፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ» አሉኝ። ሻዩ ታች ከመቀመጫው ውሃ ጋር ከተቀላቀለ ያፈሳል ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ ኖሬ፣ ይህን እያወቅሁ፣ የራሴን ቤት ሳጥን አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም።

ለመጠጥ ካስቀመጥነው አንድ ጀሪካን አምጥቼ ሳጥኑ ውስጥ ገለበጥኩ። እናቴን የቀይ ሥሩን ውሃ ስጪኝ አልኳት። ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ድስቱን አቀበለችኝና ተከትላኝ ገባች። ቀዩን ውሃ ሳጥኑ ላይ አፍስሼ ሁለታችንም መቀመጫው ላይ ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ፣ በነጩ ሸክላ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ቀጭን ቀይ ክር ወረደ። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ።

«በቃ ይኸ ነው?» አለች እናቴ።

ይኸ ነው። ሳጥኑ ሥር ቀዳዳውን የሚከድን እንደ ሲኒ ማስቀመጫ ያለች ክብ ጎማ አለች። መጫኛውን ስንጫን ትነሳለች፤ ውሃው ሲወርድ ተመልሳ ትከድናለች። ነቅዬ ሳያት ጠርዟ ደርቆ ተቆልምሟል፤ የተቀመጠችበት ቦታም ውሃችን በሚተወው ኖራ መሰል ነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። ከሥር በፈሰሰ ቁጥር ከላይ ይሞላል፤ ከላይ በሞላ ቁጥር ከሥር ይፈሳል። ታንከሩን ቀን ከሌት የጠጣው ይኸ ነው።

ነጩን ቅርፊት በአቼቶ አርሼ በቢላ ጀርባ ፈቀፈቅሁት፤ ጎማዋን ገልብጬ መለስኳት። ክሩ ቀጠነ እንጂ አልጠፋም። የቧንቧ ዕቃ ሻጩ ጎማዋን ብቻዋን አንሸጥም፣ ሙሉውን ከደሴ እናስመጣልሻለን አለኝ። ስለዚህ የአቀስታ መኪኖች ከሚቆሙበት አጠገብ ወዳለው ጎሚስታ ሄጄ አሮጌዋን አሳየሁት። አገላብጦ አያትና «አብሽሪ» አለኝ። ከጎማ የውስጥ ላስቲክ ላይ ልክ እሷን አስመስሎ በመቀስ ቆረጠልኝ። በአሮጌዋ ላይ ደርቤ አሰርኳት። ውሃ ጨምሬ፣ የቀረውን ቀይ ውሃ አፍስሼ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። ሸክላው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እኒያ ግብጻዊ ይመጡበት የነበረውን ቤት አስብ ነበር። አሠሪዬ ማዳም አንድ ጊዜ አምባሯ ጠፋና ሻንጣዬን ወለል ላይ ዘረገፈችው። ምዬ ተገዝቼ አላመነችኝም። ከወር በኋላ መኪናዋ ወንበር ሥር አገኘችው፤ እጇ ላይ ሳየው ነው ያወቅሁት። ምንም አላለችኝም። የዘረገፈችውን ረስቼዋለሁ ማለት ይቻላል፤ ዝም ያለችውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በነጋታው ለእናቴ ልጅቷ ቤት ልሄድ ነው አልኳት። ነጠላዋን አንስታ ተነሳች። ባጃጅ እንያዝ ብላት «በእግሬ ነው የምሄድ» አለች፤ ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ሽሮ ቋጠረች። ሰፈራቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ዐረፍን።

ስንደርስ ልጅቷ ጨርቅ እያጠበች ነበር። ውሃውን ከቦኖ ተሸክማ ነው የምታመጣው። እናቴን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሮጠችና ጉልበቷን ሳመች፤ እኔን ጨበጠችኝ። አስቀመጠችን። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ «ማሻ አላህ፣ እንዴት አደገብኝ» ትላለች። እኔ ያዘጋጀሁት ብዙ ቃል ነበር፤ የወጣኝ ግን ትንሹ ነው። ውሃውን ሲጨርስ የነበረው ሽንት ቤታችን እንደሆነ፣ እሷ እንዳልሆነች፣ ሳላጣራ እንደቆለፍኩባት ነገርኳት።

«አፉ በይኝ» አልኳት።

ልጁን ከእናቴ ተቀብላ አቀፈችው። ከዚያ፣

«ድምፁን እኮ እሰማው ነበር» አለች። «በእኔ ግድግዳ በኩል ነው። ልጁን ሳስተኛ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። የቤት ውስጥ ሽንት ቤት እንዲያ ሲል የሚውል መስሎኝ።»

ምን ይባላል? የሰማችው ሰው እሷ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ስለ ጀሪካን እንጂ ስለ ሌላ ጠይቄያት አላውቅም።

አፉ ብያለሁ አለች፤ ከልቧ እንደሆነ አምናለሁ። ክፍሏ ባዶ ናት፣ ተመለሱ፣ ኪራዩም ይቀራል ብላት ግን ራሷን ነቀነቀች። ቦኖው ሩቅ ቢሆንም ለምዳዋለች። «ስቀዳ ማንም አያየኝም» አለች፤ በቁጣ አልነበረም፣ እንዲሁ እንደ ነገሩ ነው የተናገረችው። እናቴ እጇን ጭኔ ላይ አሳረፈች፣ በቃሽ እንደማለት።

ዕቃው ከደሴ እስኪመጣ የጎሚስታው ላስቲክ አራት ወር አገለገለን። ታንከሩም እንደ ድሮው ፈረቃውን ጠብቆ ማድረስ ጀመረ። ልጁ አሁን ይሮጣል። በገበያ ቀን እናቴን ከሩቅ ሲያይ ከእናቱ እጅ ያመልጥና መጥቶ ይጠመጠምባታል። ከልጅቷ ጋር እኔም ተሳስመን፣ የቤቱን የሰዉን ደህንነት ተጠያይቀን እንቆማለን። ሰላምታችን ሙሉ ነው። ወሬያችን ግን ከሰላምታው ብዙ አያልፍም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቃትም።