ጉሮሮ ሲጠረግ የደፋሁት ካርታ

ከመዝገብ ቤት ኃላፊነት በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜዬን የማሳልፈው ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የሠራተኞች ክበብ በረንዳ ላይ ፖከር በመጫወት ነው። አራት ነን፦ የቀድሞው የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣ የእሳቸው ሾፌር የነበረው ባልደረባዬ፣ ጨዋታውን ያስተማሩን ከወሎ የመጡ ጡረተኛ የሒሳብ መምህርና እኔ። በገንዘብ መጫወት በክበቡ ክልክል ስለሆነ የምናስይዘው ጥሬ ባቄላ ነው። ሾፌሩ «ቢቆላ ኖሮ እስካሁን ሀብቴን በልቼ ጨርሼ ነበር» ይላል፤ በየሳምንቱ ይላል።

ጨዋታው ቀላል ነው፤ በአብዛኛው ተመሳሳይ ካርታ ያጠራቀመ ይረታል። ለእያንዳንዱ አምስት ካርታ ይታደላል፤ ያልፈለገውን አንድ ጊዜ ይለውጣል፤ ከዚያ በእጁ የተማመነ ባቄላ ይጨምራል። ሌላው ወይ እኩል አስቀምጦ «ይታይ» ይላል፣ ወይ ካርታውን ይደፋል። የደፋ ሰው የባላጋራውን እጅ የማየት መብት የለውም። ይህ የመጨረሻው ደንብ ልብ ይሏል።

በመጀመሪያው ዓመት ዘወትር ተሸናፊ ነበርሁ። በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ አንድ ፋይል ያልጠፋብኝ ሰው የሚሸነፍበትንም ምክንያት መዝግቦ ማግኘት አለበት ብዬ ደብተር አዘጋጀሁ። በግራ የያዝሁትን፣ በመካከል ያደረግሁትን፣ በቀኝ የሆነውን እጽፋለሁ። መምህሩ በደካማ እጅ እንዳልገባ፣ ስሸነፍም ለመካስ እንዳልቸኩል መከሩኝ። ሁለተኛው ከበደኝ። ንዴት ሲጀምረኝ ተነሥቼ አንድ ዙር እያለፍሁ በግቢው ጽድ ሥር መመላለስ ጀመርሁ። በዐቢይ ጾም፣ ከቅዳሴ እንደ ወጣሁ ምንም ሳልቀምስ መጥቼ መጫወትንም ተውሁ፤ ረኃብ ችኩል እንደሚያደርገኝ ደብተሬ አሳይቶኛልና። ከዚያ በኋላ መምህሩንም ሾፌሩንም መርታት ጀመርሁ። ይህን ስጽፍ ጥቂት መኩራቴን አልደብቅም።

ሥራ አስኪያጁን ግን አንድ ቀን እንኳ አልረታሁም።

እሳቸው ባልመጡበት አንድ ቀን ደብተሬን ለመምህሩ ሰጠሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ገጾቹን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ።

«እሳቸው በጨመሩ ቁጥር ደፍተዋል» አሉኝ። «ሁለት ንግሥት ይዘው፤ እዚህ ጋ ደግሞ ሦስት ሰባት ይዘው። ይህን እንኳ ሒሳብ አያቃናውም።»

ሾፌሩ ሳቀ። «ሲጨምሩ አይደለም እኮ የሚደፋው፣ መምህር። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነው። እኔ ስንት ዓመት በመኪናው መስታወት ሳያቸው ኖሬ የለ?» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ግን ፊታቸውን አይተህ አታውቅም። አቀርቅረህ ነው ጡረታ የወጣኸው።»

ቅር አለኝ፤ እውነቱን ግን ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ከጠረጉ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነበር። ሁላችንም ወረቀታችንን እንሰበስባለን። እኔም እሰበስብ ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ መዘጋት የሌለበትን መዝገብ ዘጋሁ።

አንድ አስቸኳይ ደብዳቤ ጠፋ ተብሎ የተጠራ ስብሰባ ነበር። ጥፋቱ በአንዲት ወጣት ጸሐፊ ላይ ተላከከ። ደብዳቤውን የተረከቡት ግን ሥራ አስኪያጁ ነበሩ፤ ፊርማቸው ጉልበቴ ላይ በነበረው የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ገጹን አውጥቼ ጣቴን አኑሬበት ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መዝገቡን ዘጋሁት። ልጅቱ ቁይ ወደምትባል የገጠር ከተማ ተዛወረች፤ ዛሬም እዚያው ናት። ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም ስል ይህን እያወቅሁ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ ባሕር ዳር ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ መሆኑን ነገሩን። ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ያን ጊዜ የምፈልገው ባቄላውን አለመሆኑ ገባኝ። ለእኚህ ሰው በካርታ ላይ እንኳ «ይታይ» ማለት ካቃተኝ፣ ሌላውን ነገር መቼም አልነግራቸውም፤ እሳቸውም ሳይሰሙት ይሄዳሉ።

ዓርብ ዕለት ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ። መምህሩና ሾፌሩ ደፉ። ሥራ አስኪያጁ አንድ እፍኝ ጨመሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጄ በራሱ ፈቃድ ካርታውን ሊደፋ ጀመረ። ቀና ብዬ አየኋቸው። የሚያዩት ካርታቸውን አልነበረም፤ የእኔን እጅ ነበር።

ባቄላዬን ገፋሁ። «ይታይ፣ ጋሼ።»

ሾፌሩ «ዛሬ ዝናብ ሊጥል ነው» ብሎ አጉረመረመ።

ካርታቸውን አንድ በአንድ ገለጡ። አንዱ ከሌላው የሚገጥም አልነበረም።

«ባዶ ነበርሁ» አሉ። «ብዙ ጊዜ ባዶ ነበርሁ። ለምን እንደምትደፋ ይገርመኝ ነበር።»

ባቄላውን አልሰበሰብሁም። «ያ ጠፋ የተባለው ደብዳቤ እርስዎ ዘንድ ነበር። ፊርማዎ መዝገቡ ላይ አለ። ገጹን ይዤ ዝም ብያለሁ።»

የየትኛውን ደብዳቤ እንደምል አልጠየቁኝም። ሾፌሩ ካርታውን ሊሰበስብ እጁን ሲዘረጋ መምህሩ ያዙት።

«ከሳምንት በኋላ መሳቢያዬ ውስጥ አገኘሁት» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «መዝገቡ ጉልበትህ ላይ እንደነበር አይቻለሁ። ትናገራለህ ብዬ ነበር። ዝም ስትል እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ጥፋቱን የእሳቸው፣ ፍርሃቱን ብቻ የእኔ አድርጌ ከፋፍዬ ነበር የያዝሁት።

«አሁንም ቁይ ናት?» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ።

«ቁይ ናት።»

«መንገዱ በዚህ ሰሞን ክፍት ነው» አለ ሾፌሩ። «መኪናው የለኝም እንጂ ጠመዝማዛውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ሄድሁ። መዝገቡ ካስቀመጥሁበት መደርደሪያ ንቅንቅ አላለም። ተተኪዬ የገጹን ቅጅ ማኅተም አሳርፎ ሰጠኝ፤ ለምን እንደፈለግሁት ሲጠይቀኝ ምንም ሳልደብቅ ነገርሁት።

ረቡዕ በማለዳ፣ አብረን ወደ ቁይ ለመሄድ በተቀጣጠርነው መሠረት መናኸሪያ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ ከዘራቸውን ይዘው ቀድመውኝ ተቀምጠዋል፤ ሾፌሩ በአውቶቡሱ ውስጥ የመስኮቱን ወንበር ይዞላቸዋል። ልጅቱ ምን እንደምትለን አናውቅም ነበር። ልጅቱ እላለሁ እንጂ እሷም ወደ ጡረታዋ ሳትቃረብ አትቀርም። በሯን ዘግታ ብትመልሰን እንኳ የምንቀየምበት ምክንያት አልነበረንም።

አውቶቡሱ ከከተማው እንደ ወጣ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሾፌሩ አየኝ።

«አቧራው ነው» አሉ እሳቸው።

ቅጁ ጉልበቴ ላይ እንደ ተዘረጋ ነበር። አላጠፍሁትም።