ሽፋ የሰበረው እግር

ፈዲሉ አምቦ ገበያ ዳር ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። ልጁ ሽፋ በሳምንቱ ቀናት ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ይቆርጣል፤ እሑድ እሑድ ለከተማው ቡድን ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል። ሱቅ ውስጥ ድምፁ የማይሰማው ልጅ ሜዳ ሲገባ ሌላ ሰው ነበር። አጥቂዎች እሱ በቆመበት በኩል ማለፍ አይወዱም።

በ1975 መስከረም ላይ የጉደር ልጆች ለጨዋታ መጡ። አምቦ አንድ ለባዶ እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ቀነዓ የሚባለው የጉደር አጥቂ ሽፋን አታሎ አለፈና ከግብ ጠባቂው ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ሽፋ ከኋላ ተንሸራቶ ገባበት። የቀነዓ ቅልጥም ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ሜዳውን ሁሉ ጸጥ አሰኘው።

ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣ፤ ፍፁም ቅጣት ምትም ሰጠ። ምቱን ግን ግብ ጠባቂው አዳነውና አምቦ አሸነፈ። ደጋፊው ሜዳውን አጥለቅልቆ ከመስመር ውጭ የቆመውን ሽፋን ትከሻ ላይ አወጣው።

"እሱ ባይጥለው ገብቶብን ነበር!" ይላሉ።

ሽፋ ቁልቁል ሲያይ ቀነዓን ጋሪ ላይ ሲያስተኙት ተመለከተ። አይጮኽም፤ ከንፈሩን ነክሶ ሰማይ ሰማይ ያያል።

"አውርዱኝ" አለ ሽፋ። የሰማው የለም።

ቅጣቱ ሁለት ጨዋታ ሆነ። በመጀመሪያው እሑድ ሽፋ ጉደር ወርዶ የቀነዓን ቤት አጠያይቆ አገኘ። ወጌሻው እግሩን በቀርከሃ ጠፍሮታል።

"ምን ልትሠራ መጣህ?" አለው ቀነዓ። "ዳኛው ቀይ አሳየህ አይደል? አለቀ እኮ።"

የቀነዓ እናት ድንቅቱ ከጓዳ ብቅ አለች። ባሏ የሞተባት፣ ከዚህ ልጅ በቀር ረዳት የሌላት ሴት ነች።

"አዴ፣ እናቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አላት ሽፋ።

"ይቅርታህን ያዘው" አለችው። "ጤፌን አረም ውጦታል። ኮቱ!" ስትል በኦሮምኛ ጠራችው፤ "ና፣ ተከተለኝ።"

ሽፋ ጤፍ አርሞ አያውቅም። ከአረሙ ጋር ጤፉንም እየነቀለ ሲጥል ድንቅቱ በኦሮምኛ ስትሰድበው ዋለች፤ እሱም እየገባው እንዳልገባው ሆኖ ቀጠለ። ወገቡን ይዞ አምቦ ገባ። በሚቀጥለው እሑድም ተመልሶ ሄደ።

ሁለቱ ጨዋታዎች አለፉና አሰልጣኙ ሥዩም ሱቅ ድረስ መጣ።

"ቅጣትህን ጨርሰሃል። ምን ሆነህ ቀረህ?"

"የእሱ አላለቀም" አለ ሽፋ፣ ከሚለካው ጨርቅ ላይ ቀና ሳይል።

ፈዲሉ ልጁን ዞር ብሎ አየው።

ጤፉ ታጭዶ እስኪከመር ድረስ ሽፋ እሑዱን ሁሉ ጉደር ዋለ። ቀነዓ በምርኩዝ መሄድ ሲጀምር ማሳው ዳር ተቀምጦ አጨዳውን መተቸት ያዘ፤ ከትችቱ መሐል የኳስ ወሬ ገባ። እግሩ ትንሽ ጎብጦ ገጠመ። መሄድ ይሄዳል፤ መሮጥ ግን አልሆነለትም።

"ሂድ ተጫወት" አለው አንድ ቀን። "አንተም ብትቀር እኔ ምን አገኛለሁ?"

ሽፋ ተመለሰ፤ ግን እግሩ እንደ ድሮው አልታዘዝ አለው። አጥቂ ሲመጣበት ልግባ ወይስ ልተው ሲል ኳሷ ታልፈዋለች። በዓመቱ ጉደር ላይ በተደረገ ጨዋታ አንድ አጥቂ በጎኑ ሊያልፍ ሲል፣ ሽፋ የዘረጋውን እግር መልሶ ሰበሰበ። ኳሷ መረብ ላይ አረፈች። ከአምቦ የመጡት ደጋፊዎች "ፈሪ!" እያሉ ጮኹበት።

ጨዋታው ሲያልቅ ቀነዓ እያነከሰ መጥቶ ሣሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ልትደርስባት ትችል ነበር እኮ" አለው። "እሱን ሳትነካ፣ ኳሷን ብቻ።"

ሽፋ የጫማውን ክር እየፈታ ቆየ።

"ያኔም የገባሁት ኳሷን ብቻ የምነካ መስሎኝ ነው" አለ። "መስሎኝ ነው መሰለኝ። አሁን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።"

ቀነዓ ሣር ነቅሎ በጣቱ አሸው፣ ጣለው።

"ተነስ" አለው በመጨረሻ። "ሳትበላ ከሄድክ እናቴ የምትጣላው እኔን ነው።"