ከዱባይ እንጅባራ በክር ሲለካ

ሄደውበት የማያውቁትን መንገድ «ይህን ያህል ሰዓት ይፈጃል» ብለው ለሰው ተናግረው ያውቃሉ? እኔ ተናግሬያለሁ። አውሮፕላን ግን እስከ ዛሬ ተሳፍሬ አላውቅም።

እንጅባራ ጂኦግራፊ ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አረፉ። ብቸኛ ልጃቸው ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። በስልክ የለመነችው አንድ ነገር ነው፦ አባቷን ሳታይ እንዳይቀበሩ። በእኛ ሰዓት ንጋት አሥራ አንድ ላይ የሚነሣ አውሮፕላን አግኝታለች።

እዚህ አገር አስከሬን ብዙ አይቆይም፤ ቢዘገይ በማግሥቱ ይቀበራል። ከዚያ ለማሳለፍ የእድሩ ሽማግሌዎች መስማማት አለባቸው። የእድሩ ዳኛ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ልጅቱ ስንት ሰዓት ትደርሳለች? ቀብሩን በዚያ ልክ እንቆርጣለን።»

የትምህርት ቤቱ መጋዘን ስለሚያፈስ የምድር ሉሉ እኔ ቤት ነበር። አመጣሁት። ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዝዤ ከዱባይ እስከ አዲስ አበባ ወጠርሁና ለካሁ፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ። መነሣትና ማረፉን ጨምሬ አራት ሰዓት አልሁ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር አንድ ሰዓት፣ ከባሕር ዳር እዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል። ደመርሁት።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ናት» አልኋቸው።

ከዘንገና በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ክሩን አይተው፣ «እኔ እዚሁ ቅርብ ጥሊሊ ለመሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ ግማሽ ቀን ቆሜ አውቃለሁ። ይች ባሕር ተሻግራ ለምሳ ትደርሳለች?» አሉ። ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ። እኔ የአየር መንገድ ቀጥ ያለ መሆኑን ሉሉን እያዞርሁ አስረዳኋቸው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ማስረዳት ደስ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ በአውንጊ ቋንቋ ጥቂት ተመካከሩና ቀብሩን ለሰባት ሰዓት ቆረጡ።

በማግሥቱ ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ስምንትም አለፈ። ስልኳ አይጠራም። ዝናብ አንዣቦ ነበር፤ ከገጠር የመጣው ሰው ደግሞ በእግሩ የሚመለስበት መንገድ ሩቅ ነው። አሠሪዎቿ ከልክለዋት ይሆናል የሚል ወሬ ተነሣ። ዳኛው አዩኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበሩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዲት ባጃጅ ከበሩ ቆመች። ልጅቱ አዲስ አበባ የፓስፖርት ሰልፍና ሻንጣ ሲያቆያት የጠዋቱ የባሕር ዳር በረራ አምልጧታል። ከቀትር በኋላ ባለው ባሕር ዳር ደርሳ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቃለች። የዱባይ ሲም ካርዷ አገር ውስጥ አልሠራም። ከእነዚህ አንዱም ክሩ ላይ አልነበረም።

ከመቃብሩ ስትመለስ እስከ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነክቷት ነበር።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ያለው ማን ነው?» አለች።

እኔ ነኝ አልሁ። ዳኛው ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ ያለ ቁጣ፣ «ማታ ትደርሳለች ብትለን እኮ ቀብሩን እስከ ነገ ጠዋት እናቆየው ነበር» አሉኝ።

አሁን በሉል ርቀት መለካትን ሳስተምር ተማሪዎቼን ሁለት ነገር አሠራለሁ። እርስዎም ይሞክሩት። ሁለት ሩቅ ከተሞችን በክር ለክተው ሰዓቱን ያስሉ። ከዚያ መንገዱን የሄደ ሰው ፈልገው፣ ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ የሚጠብቁት ሰዎች ደጃፍ እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ይጠይቁ። የሚጠብቅ ሰው ካለ ሁለተኛውን ሰዓት ይንገሩት።