ለሐኪሙ ያልነገርሁት

ደብረ ታቦር ውስጥ በታኅሣሥ ጠዋት ላብ የሚያጠምቀው ሰው ወይ እንጨት እየፈለጠ ነው፣ ወይ ሲዋሽ ተይዟል። እኔ ግን ተማሪዎቼ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ሲንቀጠቀጡ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ በስም መጥሪያው ፊቴን አራግብ ነበር። እሳቱ ከደረቴ ይነሣና በአንገቴ አልፎ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። ሲያልፍ ደግሞ ላቡ ይበርደኛል።

ሙቀቱን እንኳ እችለው ነበር። ያስፈራኝ መርሳቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሴት፣ አንድ ቀን ስለ ቅጠል እያስረዳሁ “ክሎሮፊል” የሚለው ቃል ድርግም አለብኝ። “ያ አረንጓዴው ነገር” አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሳምንቱ አንዷን ተማሪ እስክታለቅስ ተቆጣኋት፤ ጥፋቷ ማስነጠሷ ነበር። አእምሮዬ ሊለቅ ነው ብዬ ደመደምሁ። ሰው ሳያውቅብኝ በክብር ልውጣ ብዬ የመልቀቂያ ማመልከቻ ጻፍሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ማስተማርን እወደዋለሁ፤ ማመልከቻውን ስጽፍ እንደ ልጅ አልቅሻለሁ።

መካሪ አላጣሁም። የመምህራን ማረፊያችን ውስጥ ሐኪም ያልሆነ የለም። አንዱ ደም ብዛት ነው አለኝ፤ ሌላዋ ምች ነው ብላ ዳማከሴ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ባለቤቴ በሁለት ብርድ ልብስና በጋቢ ተጀቡኖ፣ “ኧረ በእመቤቴ፣ መስኮቱን ዝጊው! እኔ መቼ በደልሁሽ?” ይላል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁና ታይፎይድ ተባልሁ። በእኛ አገር ታይፎይድ የሌለበት ሰው ማለት ገና ያልተመረመረ ማለት ነው። መድኃኒቱን ጨረስሁ፤ ሆዴ ተበላሸ እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አላለም።

የወር አበባዬ ከቆመ ዓመት እንዳለፈው መቼም አልጠፋኝም። ማረጥ ሙቀት እንዳለውም ሰምቻለሁ። መርሳትና ቁጣ የእሱ ዘመዶች መሆናቸውን ግን አላውቅም ነበር። ነገሩ ምስጢርም አልነበረም፤ አጥቢያው ሁሉ ያውቀዋል። በእኛ ደብር መገበሪያን፣ ማለትም የቅዳሴው ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ፣ የሚፈጩት ልማዳቸው የቆመ ሴቶች ናቸው። ላግዝ ብዬ የሄድሁ ቀን አንዲት አሮጊት መነኩሲት፣ አምስት ሴቶች እየሰሙ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ጠየቁኝ።

“ልጄ፣ ልማድሽ ቆሟል?”

“አዎ እማሆይ፣ ዓመት አለፈው።”

“እሰይ! እንኳን ለዚህ አበቃሽ። በይ፣ ወፍጮው ያውልሽ።”

አላፈርሁም። እንዲያውም ኮራ አልሁ።

ታይፎይዱ “ከዳነ” በኋላ ሆስፒታል ሄድሁ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሙ ከወንበሩ ብድግ አለ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ከጉና ሥር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የተማረ፣ ሁልጊዜ ፊት የሚቀመጥ ልጅ።

“ቲቸር! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!”

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ልቤ ወደቀ። ስለ ሳል ጠየቀኝ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ እንቅርት። አንዷን ጥያቄ ግን ዞሮ ዞሮ አለፋት። እሱ መምህሩን እንዴት ብሎ ይጠይቅ? እኔስ “አፍንጫህን ጥረግ” ስለው የኖርሁትን ልጅ እንዴት ብዬ ልንገረው? ደም አስመርምሮ “በሳምንቱ ይመለሱ” አለኝና ተከባብረን ተለያየን። መከባበሩ ሊገድለኝ ነበር።

በሳምንቱ ውጤቱ ሁሉ ደህና ነው አለኝ። ደህና መባሌ ይበልጥ አስደነገጠኝ፤ እንግዲያስ የለየለት እብደት ነው። እንባዬ መጣ። እሱም ተጨንቆ፣

“ቲቸር፣ በትክክል ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሆኑት?” አለ።

“መገበሪያ መፍጨት ከጀመርሁ ወዲህ” አልሁት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የገጠር ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። መገበሪያ ማን እንደሚፈጭ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ከዚያ ያስቀራቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ እኔም መለስሁ። መርሳቱም ቁጣውም እንቅልፍ ማጣቱም ከማረጥ ጋር ሊመጡ እንደሚችሉ፣ እብደት እንዳልሆነ፣ ሕክምናም እንዳለው፣ የሚስማማኝን ከማህፀን ሐኪም ጋር እንደሚመክርበት አስረዳኝ። ማመልከቻውን አውጥቼ አሳየሁት። አንብቦ መለሰልኝና፣ “ይህን አያስገቡት። መጀመሪያ እንታከም” አለ። እዚያው ቀደድሁት።

ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። የመምህር ነገር ሆኖብኝ፣ “ጎበዝ! ይህን ሁሉ የት ተማርኸው?” አልሁት።

“እርስዎ ጋ አይደለም፣ ቲቸር” ብሎ ሳቀ። “የመራቢያ አካላትን ምዕራፍ ‘ቤታችሁ አንብቡት’ ብለው ነው ያለፉት።”

እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ነው፤ በየዓመቱ እንዲያ ብዬ ነው የማልፈው። እሱ ግን ሳቁን ቶሎ ተወና ማዘዣውን መጻፍ ጀመረ።

“እናቴን እንዲሁ አድርጓት ነበር” አለ ቀና ሳይል። “ትቆጣለች፣ ትረሳለች፣ በዚያ ብርድ ነጠላዋን ጥላ ደጅ ትወጣለች። ዛር ነው ተባለ። እኛም ልጆቿ ፈራናት፤ ከእሷ ጋር ከአንድ መሶብ መብላት ተውን። ያኔ እርስዎ ክፍል ነበርሁ።”

ማዘዣውን ዘረጋልኝ።

“አሁንስ እንዴት ናቸው?” አልሁት።

“አሁን ደህና ናት” አለ። “ግን ዛሬም ለብቻዋ ነው የምትበላው። ለምዳዋለች።”