የቅዳሜና የእሁድ ቁጥር

ሲስተር ሳህሊቱ የሆዷን በሆዷ መያዝ የማታውቅ ሴት ነበረች። ተወልዳ ያደገችበት የቦዲቲ ሰፈር ይህን ጠባይዋን ያውቅላት ነበር፤ ዲምቱ አጠገብ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድባ ስትወርድ ግን የሚያውቅላት አልነበረም። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ወባ ስታክም፣ ስታዋልድና ሕፃናት ስትከትብ ኖረች። አብረዋት በዲፕሎማ የተቀጠሩት ተራ በተራ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዲግሪያቸውን ሲይዙ እሷ እዚያው ናት። በ2005 ዓ.ም. ግን ተራው ደረሳት። ለጤና ጣቢያው የመጣው የትምህርት ዕድል አንድ ብቻ ነው፤ በአገልግሎት የሚቀድማት የለም። ከእሷ በአምስት ዓመት የሚያንሰው ኃላፊዋ ዘሩባቤልም «ዘንድሮ አንቺ ነሽ ሲስተር» ብሏታል። ያላት በአፉ ነው እንጂ በወረቀት አይደለም።

ጤና ጣቢያው በላምባ የሚሠራ አንድ የክትባት ፍሪጅ ነበረው። ሙቀቱ ጠዋትና ማታ ታይቶ በሩ ላይ በተለጠፈ ቅጽ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዲግሪ መውረድ፣ ከስምንት መብለጥ የለበትም። ቅዳሜና እሁድስ? ቅዳሜና እሁድ ያለችው አንዲት ተረኛ ነርስ ናት፤ የፍሪጁ ክፍል ቁልፍ ደግሞ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል። ስለዚህ የክትባት ባለተራዋ ዓርብ ከሰዓት እስክሪብቶዋን ታነሳና የሁለቱን ቀን አብራ ትሞላለች፤ አራት፣ አምስት፣ አራት፣ አምስት። ወሩ ሲያልቅ ዘሩባቤል ይፈርምበታል። ከዞን የሚመጡት ሱፐርቫይዘሮች ባዶ ሳጥን ካላዩ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ያልመጣ ቀን ሙቀት አስቀድሞ የሚያውቅ ጤና ጣቢያ የት ታይቶ ይታወቃል! ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም።

ግምገማ ሲደርስ ሠራተኛው የሚያወጣው ጉድለትም የታወቀ ነው። «አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ» ይላል አንዱ። «ተነሳሽነቴ ዝቅ ይላል» ትላለች ሌላዋ። በዚህ ተቀጥቶ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም በየዓመቱ ያረፍዳል፣ የሁሉም ተነሳሽነት ዝቅ እንዳለ ይኖራል። የዚያን ዓመት ግን ዘሩባቤል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሣ።

«የምር እንነጋገር» አለ። «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል። ልናሻሽል ነው እንጂ ልንቀጣ አይደለም።»

የምሩን ይመስል ነበር። ምናልባትም የምሩን ነበር። ሳህሊቱ ብድግ አለች። ምን አለበት ይህች ሴት ለአንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብትል!

«የፍሪጁን የቅዳሜና የእሁድ ቁጥር የምንሞላው ዓርብ ነው» አለች። «እኔም ሞልቻለሁ። ላምባው ቅዳሜ ቢያልቅ ሰኞ የምንወጋው የተበላሸ ክትባት ነው። ቁልፉ ለተረኛ ይሰጥ።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ወጣቷ ነርስ ፋና ጋዋኗን ጎተተቻት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ዘግይታለች። ዘሩባቤል «እንዲህ ያለ ድፍረት ነው የሚያስፈልገን» ብሎ አስጨበጨበላት። ቃለ ጉባኤ ያዡም ጻፈ።

ቃለ ጉባኤው ወረዳ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ደብዳቤ በአንድ ቀን ደረሳት። አንደኛው «ሰነድ አዛብታ መሙላቷን ራሷ በማመኗ» የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው፣ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ ለትምህርት ስለማይላክ ዕድሉ ለፋና መተላለፉን ይገልጻል። የፋና እጅ ጽሑፍ እዚያው ቅጽ ላይ ነበር፤ እሷ ግን በግምገማው ያመነችው ማርፈዷን ብቻ ነው። በሁለቱም ደብዳቤ ሥር የዘሩባቤል ፊርማ አለ።

ሳህሊቱ ደሟ ፈልቶ ቢሮው ገባች። «እዚህ ይቀራል አላልክም?»

«ወረዳ ቃለ ጉባኤ ሲጠይቅ ልደብቅ? አሠራር ነው ሲስተር።»

«አንተስ በየወሩ ስትፈርም የነበረው?»

«አይታችሁ የሞላችሁት መስሎኝ ነው።»

«ቁልፉ መሳቢያህ ውስጥ እያለ?»

«እሱ በዕቅድ ይያዛል» አላት።

ከዚያን ቀን ወዲህ «አንተ» ስትለው የኖረችውን ልጅ «እርስዎ» ማለት ጀመረች። ቁልፉን ግን አንድ ዓርብ ከመሳቢያው አውጥታ ኪሷ ከተተችው፤ እሱም አይቶ እንዳላየ አለፋት። ቅዳሜ ትመጣለች፤ እሁድም ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች አርባ ደቂቃ በእግሯ ትመጣለች። ሴቱንም ወንዱንም አንድ አድርጎ የሚጠራው ዘበኛው ባዳቾ፣ «ሲስተር፣ ዛሬም መጣህ? ማን አዘዘህ?» ይላታል። «ማንም» ትለዋለች እየተነጫነጨች። የምትነጫነጨው በራሷ ላይ ነበር፤ እንዲህ ከቀጧት በኋላ ማንም ያላዘዛትን መሥራቷ ያበሽቃታል። ማታ መመለስ ስለማትችል የማታውን ሳጥን ባዶ ትተወዋለች። ሱፐርቫይዘሮቹ መጥተው «ቅጹ ያልተሟላ» ብለው ጻፉባት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዘሩባቤል ዘጠኝ ወር የሞላትን ልጁን ታቅፎ ክትባት ክፍል ገባ። የኩፍኝ ክትባቷ ቀን ነው። ሳህሊቱ መርፌውን ስታዘጋጅ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲስተር፣ ቅዳሜና እሁድ ፍሪጁ በደንብ ሠርቷል?»

«ቅጹ የፍሪጁ በር ላይ ነው፤ ያንብቡት።»

«ቅጹን ተዪው። አንቺ ንገሪኝ።»

ሳህሊቱ ትክ ብላ አየችው። «ቅዳሜ አራት፣ ትናንት አምስት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ፊቱ ዘና አለ። አንድም ጥያቄ ሳይጨምር የልጅቷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበ።

«ለልጅዎ ቃሌን ካመኑ» አለች ሳህሊቱ፣ «በግምገማው እውነቱን ስናገር ምን ነካዎት?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው ሲስተር» አለ፣ ዓይኑን ከልጁ ሳያነሳ።

ጩኺ ጩኺ አላት። ነገር ግን መርፌው በእጇ ነው፣ የሕፃኗም ክንድ ተዘርግቷል። «አጥብቀው ይያዟት» ብላ ወጋቻት፤ የጮኸችው ልጅቷ ብቻ ነበረች።