የሙሽራዋ አባት ኮት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰላም ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ነው የምትሠራው። ስትለፋበት የሰነበተችውን ሥራ አለቃዋ በሰው ፊት አጣጥሎባታል። "እማዬ፣ ስሚኝ እስቲ" አለችና ለአለቃዋ የጻፈችውን መልስ ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። ጥሩ አማርኛ ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል ግን ይናከሳል። "አባትሽ ቢኖር…" ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። ባለቤቴ ታደለ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ስሙን አንሥቼ ንግግር መጨረስ እስካሁን ያቅተኛል። ሰላምም ገባትና ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች። በአፌ ያልወጣልኝን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት።

ያኔ እኔና ታደለ ወጣቶች ነበርን። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ፣ በጋሽ ከድር ልብስ ስፌት ቤት እንሠራ ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው፤ መኪኖቹ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል፣ የከሰል ካውያው በር ላይ ይጨሳል። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጫፍ እዘመዝማለሁ። ታደለ ሱሪ ሰፊ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ በጥር ልብስ ሰፊ እረፍት የለውም። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ከተማው በሙሉ የሚዳር ይመስላል። ምሳችን ብዙ ጊዜ የቲማቲም ስልስ በዳቦ ነበር። ጨርቅ እንዳይነካ በር ላይ ቆመን፣ የውይይት ታክሲዎቹን አቧራ እየተቀበልን እንበላዋለን። ዛሬ በዚያ ሳልፍ ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር እርግጠኛ አልሆንም፤ የስልሱ ጣዕም ግን አፌ ውስጥ አለ።

በዚያ ሰሞን ጨርቅ ቆራጩ ታሞ ቀረ። በልብስ ስፌት ቤት ቆራጭ ትልቅ ሰው ነው፤ እሱ ያበላሸውን ሰፊ አያቃናውም። ጋሽ ከድር መቀሱን ለታደለ ሰጡትና በሁላችን ፊት፣ "አንድ ኮት ቁረጥ። ባለቤቱ ወዶ ከወሰደው መቀሱ ያንተ ነው፤ ካልወደደው ወደ ሱሪህ" አሉት። ቦታውን ለራሱ ሲጠብቅ የነበረው ነባሩ ኮት ሰፊ ሽፈራው ሳቀ። "ወደ ሱሪው እንኳ መንገዱ አይጠፋውም" አለ።

ኮቱ የአባባ ዘለቀ ነበር። እሑድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሐሙስ ከሰዓት መጥተው ለበሱትና መስታወት ፊት ቆሙ። ትከሻው ልክ ነው፣ ወገቡ ልክ ነው። ጋሽ ከድር፣ "አቤት! ሙሽራው እርስዎ ነዎት እንዴ?" አሏቸው። እሳቸው ግን ለምርቃት እንደሚደረገው ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ከፍ አደረጉ። ኮቱ በሙሉ አብሮ ተነሣ። ኮሌታው ጆሯቸው ሥር ደረሰ፤ ከታች ሸሚዛቸው ወጣ።

"ይሄ ኮት ነው ገመድ?" ብለው ጮኹ። "ልጄ ጉልበቴን ስማ ልትሄድ፣ እኔ እንደ ኤሊ አንገቴን ቀብሬ ነው የምመርቃት?"

ጋሽ ከድር ደነገጡ። "አባባ፣ እጅዎን ትንሽ ዝቅ አድርገው ቢመርቁስ?"

"ምርቃት ይቆነጠራል እንዴ፣ ከድር?"

ሽፈራው ከመኪናው ቀና ሳይል፣ "ባይሆን አጠር አድርገው ይመርቁ" አለ። ሳቅ ሆነ። ሽማግሌው ጭራሽ ባሰባቸው። "ሰፊ አጥታችሁ ነው ለጆንያ ሰፊ የሰጣችሁብኝ?"

ታደለን አየሁት። ፊቱ ልውጥ ብሏል። የሚመልሰው ነበረው። ልኩ ሲወሰድ እጃቸውን አውርደው ቀጥ ብለው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ኮቱ ገና በክር ተያይዞ ሳለ ሲሞክሩትም "ግሩም ነው" ብለው ሄደዋል፤ ሁላችንም ሰምተናል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ እዘረግፈው ነበር።

እሱ ግን ቀረብ ብሎ፣ "እውነትዎን ነው፣ አባባ" አላቸው። "ልክዎን ስወስድ ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ አልጠየቅኩም። እስቲ ይቀመጡና ልጅዎን እንደሚመርቁ ሆነው ያሳዩኝ።"

"ማንን ልመርቅ? ግድግዳውን?"

ታደለ ዙሪያውን አየና፣ "አስካለ፣ እስቲ ነይ" አለኝ። ክሩ ጣቴ ላይ እንደተጠመጠመ ሄጄ ተንበረከክሁና ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሽማግሌው መጀመሪያ ለይስሙላ ነበር እጃቸውን የዘረጉት። ከዚያ ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ ድምፃቸው ተለወጠ። "ቤትሽ ይሙላ። ደግ ሰው ይግጠምሽ። ወልደሽ ሳሚ። እኔን እንደጦርሽኝ ልጆችሽ ይጡሩሽ…" መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ሽፈራው እንኳ ሳይቀር ሁሉም "አሜን" አለ። አሜን ያላለው ታደለ ብቻ ነበር። አፉን በስፒል ሞልቶ፣ ብብታቸው ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ጨርቁ የሚሳብበትን ቦታ በጠመኔ ያሰምራል።

ሲጨርስ ስፒሎቹን ከአፉ አወጣና፣ "ሌላስ አባባ? ያልወደዱት ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ" አላቸው። ሽፈራው ራሱን ያዘ። ሽማግሌው ግን በለዘበ ድምፅ፣ "ኮሌታው ከኋላ ትንሽ ይኮረኩረኛል" አሉ። እሱንም አሰመረ።

ማታ ከሥራ ወጥተን ወደ ሜክሲኮ በእግር ስንሄድ፣ "አልተናደድክም?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ተናድጄ ነበር እንጂ! አሁንም አልበረደልኝም። ንዴቱን እኔ ቤቴ ይዤው እገባለሁ። ኮቱን ለብሰው ሰው ፊት የሚወጡት ግን እሳቸው ናቸው" አለኝ።

በማግስቱ የብብቱን ስፌት በምላጭ ተርትሮ ከተረፈው ጨርቅ ቁራጭ ጨመረበት፤ እኔ ገበሩን መልሼ ሰፋሁ። ቅዳሜ አባባ ዘለቀ መጡ፣ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ኮቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አላመሰገኑም። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ወደ ታደለ ዞረው፣ "እሑድ መጥተህ እየው" አሉት። ጋሽ ከድርም ሌላ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መቀሱን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ሊያደርጉበት ነው?" ብሎ ሆነ። አስተማሪውን ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ፣ ሹፌሩን መሪ እንደያዘ አድርጎ ይለካቸዋል።

ሊያጽናናኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ደግነቱ ያወራልኛል፤ እውነት ነው። እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ለሰላምም ጀምሬ ያልጨረስኩላት፣ ያ ሐሙስ ነው። እየተሰደበ ዓይኑን ከሥራው ላይ ያላነሣ ሰው ከዚያ ወዲህ ብዙ አላጋጠመኝም።

አብረን በኖርንበት ዘመን ጉድለቱን ብዙ ነግሬዋለሁ፤ ሁሉንም ቁጭ ብሎ ሰምቶኛል። ሙገሳ ላይ ግን አይቻልም ነበር። "ጎበዝ ነህ እኮ" ልለው ስጀምር፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ብድግ ብሎ ይወጣል። የዚያን ቀን ያየሁትን ልነግረው ስንት ጊዜ ጀምሬ፣ በሩ ሲዘጋ ሰምቼ ትቼዋለሁ። አሁን የሚያስቸኩለኝ የለም። ባቡሩ በልደታ በኩል ሲያልፍ እየሰማሁ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። ታደለ፣ ጎበዝ ነበርክ። ዛሬስ ተነሥተህ አትወጣም።