አንሶላ የተሰጣበት አንቴና

ከአገር ወጥቼ በወደብ ከተማ፣ ሄሮን በሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ካለ ቤት ለሠራተኝነት ስቀጠር ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፈረንሳይኛዬም ከማድ ቤት አይወጣም ነበር። ሰው ሲያናግረኝ አንገቴን እደፋለሁ። ጆሮዬ ግን ጥሩ ነው።

«ሙሴ» እያልኩ የምጠራቸው ፈረንሳዊው አሠሪዬ ጡረታ የወጡ መርከበኛ ነበሩ። አንዱን ክፍል ሬዲዮ ሞልተውታል። ሬዲዮውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው፣ ኢንተርኔት በማይደርስበት ባሕር ላይ ካሉ ጀልባዎች ጋር ኢሜይል ይላላካሉ። ጽፈው ቁልፉን ሲጫኑ ሬዲዮው እንደ እንቁራሪት ይንጫጫል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ከማዶ በቀጭን ድምፅ ይመለስላቸዋል። አቧራ ስወለውል ሰምቼው ሰምቼው፣ መልእክት መድረሱን ስክሪኑን ሳላይ አውቅ ጀመር።

አንድ ጊዜ ሙሴ በሸራ ጀልባቸው ብቻቸውን ከባሕሩ ማዶ ወዳለችው ኦቦክ ሄዱ። በሚመለሱበት ቀን ከአራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ሬዲዮአቸውን ከፍተው መልእክት ጠብቀው እንደሚነሡ ለሚስታቸው ለማዳም ነግረዋል። ቀኑ ደርሶ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ከወደብ ለማዳም ተደወለ፤ ከሰዓት በኋላ ብርቱ ነፋስ ስላለ ሙሴ እንዳይነሡ። ጀልባው ላይ ስልክ የለም። ማዳም ጽፈው ላኩ። ሬዲዮው ተንጫጨ፣ ዝም አለ። ደገሙት። ሰለሱት። መላሽ የለም።

እኔ መጥረጊያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የወትሮው የ«ሽሽ» ድምፅ እንኳ የለም፤ ሬዲዮው አፉን በጨርቅ የታፈነ ይመስላል። ጨርቅ! ጠዋት የልብስ ገመዱ አልበቃ ቢለኝ፣ ጣሪያው ላይ ከምሰሶ ምሰሶ የተወጠረውን ሽቦ አንድ ጫፍ ፈትቼ፣ ዝቅ አድርጌ ከብረት አጥሩ ጋር አስሬ አንሶላ አስጥቼበታለሁ። ለእኔ የተወጠረ ነገር ሁሉ የልብስ ነበር፤ ለካ ያ ሽቦ የሬዲዮው አንቴና ኖሯል።

ደረጃውን በሩጫ ስወጣ ዘበኛው አዩኝ። ድሬዳዋ ያደጉ ሶማሌ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እሳት ነው?»

«ጋሼ፣ ይርዱኝ! አንቴናው ላይ አንሶላ አስጥቻለሁ!»

«ወላሂ! ኢንተርኔት ሲታጠብ ዛሬ አየሁ!» እየሳቁ ተከተሉኝ።

አንሶላውን መሬት ላይ ጣልኩት። ብረቱ ላይ የቋጠርኩትን ፈታሁ። እሳቸው ምሰሶውን ያዙ፣ እኔ ገመዱን ሳብኩ፤ ሽቦው ወደ ቦታው ወጣ። ወርጄ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳምን አዘዝኳቸው።

«አሁን ይላኩ!»

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ይላኩ።»

ሰዓቱ ለአራት ተኩል አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ሬዲዮው ተንጫጨ። ዝም አለ። እኔና ማዳም ተያየን። ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ደረሰ» አልኩ።

ማዳም አላመኑኝም፤ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ። ቆይቶ የሙሴ መልስ ወጣ፤ «ገባኝ። አልነሣም፣ እዚሁ አድራለሁ።» ማዳም ወንበሩ ላይ ተዘረፈጡ። ያን ጊዜ የአንሶላውን ነገር ከነቋጠሮው ነገርኳቸው። ተቆጡ፤ ወዲያው ደግሞ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የመስኮቱን መዝጊያ ሁሉ አንገጫገጨው። ሙሴ በማግስቱ በደህና ገቡ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ባሕር ሲወጡ አራት ሰዓት ላይ ሥራዬን አቁሜ ከማዳም ጎን እቀመጣለሁ። ማዳም ይጽፋሉ፤ እኔ አዳምጬ «ደረሰ» ወይም «ይድገሙት» እላለሁ።